መስፈሪያና ሚዛን፤ ከጋፋት እስከ ውጅግራ

ስለ ጋፋት ሲነሣ ወሬያችን ሁሉ ስለ መድፉ ነው። ማዕድኑ እንዴት ቀለጠ፣ ማን አቀለጠው፣ ስንት ኩንታል መዘነ፣ ስንት ሰው ጎተተው እንላለን። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የቆመው የሴባስቶፖል አምሳያም የሚያስታውሰን ይህንኑ ነው። ዳሩ ግን መድፍ ሆዱ ባዶ ከሆነ ከጋን አይሻልም። ሆዱ ውስጥ ስለሚገባው ባሩድ፣ በተለይም ያን ባሩድ ማን በምን ይሰፍረው እንደ ነበር የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም። እኔ በበኩሌ በ1860 ዓ.ም. አሮጌ ሜዳ ላይ ቴዎድሮስን ከከዷቸው ነገሮች አንዱ ስፍሩ ነበር ባይ ነኝ።

በአማርኛችን መስፈርና መመዘን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ጤፍ በቁና ይሰፈራል፤ ወርቅ በወቄት ይመዘናል። ሰፋሪው የሚያየው የመስፈሪያውን ሙላት ነው፤ መዛኙ የዕቃውን ክብደት። ቁናውን ነቅንቆ በመስፈርና ሳይነቀንቁ በመስፈር መካከል ምን ያህል ልዩነት እንዳለ የማያውቅ የደብረ ታቦር ነጋዴ የለም፤ ገበያ ውስጥ ስንት ጠብ ያስነሣ ጉዳይ ነው። ባሩድም እንደ ጤፍ የሚሰፈር ነገር ነበር። ነፍጠኛው በቀንድ ይዞት ይዞራል፤ በሸምበቆ ቁራጭ ወይም በመዳፉ ለክቶ በአፈሙዙ ይጨምራል፤ በዘንግ ይጠቀጥቃል፤ ከዚያ እርሳሱን ይሰድዳል። የ17ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ ወታደርም ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም። ከትከሻው በሚወርድ ጠፍር ላይ ትናንሽ የእንጨት ቀፎዎች አንጠልጥሎ፣ በእያንዳንዱ ቀፎ የአንድ ተኩስ ባሩድ አስቀድሞ ሰፍሮ ይዘምት ነበር። ብልሃቱ ቀላል ነው፤ ጠላት ፊት ቆሞ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው እንዲሰፍር አይተውም።

ደብረ ታቦርና ነፍጥ የቆየ ትውውቅ አላቸው። በ1834 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤ ብዙ ነፍጠኛ አስከትለው መጥተው በዚችው ከተማ አጠገብ ራስ አሊን ድል አድርገው ነበር፤ የድሉን ግብር ሲበሉ ራሳቸው ተማርከው ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ እንጂ። (ይህን ታሪክ ሳነብ ሁልጊዜ ሳቄ ይመጣል። ጠጁን የሚሰፍርላቸው ሰው አልነበረም መሰለኝ!) በዚያ ዘመን ነፍጥ ስፍሩ ቢሳሳት የሚጎዳው በአብዛኛው ባለቤቱን ነው። ጥቂት ቢያንስ እርሳሱ መንገድ ላይ ይወድቃል፤ ጥቂት ቢበዛ ትከሻ ይመታል፤ እጅግ ቢበዛ አፈሙዙ ይሰነጠቃል። አንድ ነፍጥ ስለ ፈነዳ ጦርነት አይሸነፍም። መድፍ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል።

ጋፋት ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብላ የምትገኝ ጉብታ ናት። በሄድኩበት ጊዜ ሣሩ እርጥብ ነበር፤ የጉና ብርድ ልብስ ዘልቆ ይገባል። ዙሪያዬን እየቃኘሁ ያሰብኩት ስለ ምድጃው ሳይሆን ስለ እርጥበቱ ነው። ባሩድ ከጨው ጴጥሮስ፣ ከድኝና ከከሰል የሚቀመም ነገር ነው፤ በክረምት አገር እርጥበት ሲጠጣ ይጓጉላል። የጓጎለና የደረቀ ባሩድ በአንድ መስፈሪያ ቢሰፈሩ ሙላታቸው እኩል፣ ጉልበታቸው ግን ለየቅል ነው። ደቃቁ ቶሎ ይነድዳል፤ ሸካራው ዘግየት ይላል። ለአንድ ነፍጥ ይህ ሁሉ ትንሽ ነገር ነው።

እዚያ ጉብታ ላይ የሠሩት ሰዎች መድፍ ሠሪዎች አልነበሩም። አብዛኞቹ ባዝል ከተማ አጠገብ ባለው የክሪሾና የሚሲዮን ትምህርት ቤት የሠለጠኑ፣ የኢየሩሳሌሙ ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት የላካቸው፣ ወንጌልን ከእጅ ሥራ ጋር አጣምረው ሊያስተምሩ የመጡ ወጣቶች ነበሩ። ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ከነሱ አንዱ ነው። ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሃልና ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎም ነበሩበት። ንጉሡ መድፍ ሥሩልኝ ሲሏቸው አናውቅም አሉ፤ አናውቅም ማለት ግን አላዳናቸውም። የመጀመሪያ ሙከራዎቻቸው ከሸፉ። በመጨረሻ በ1859 ዓ.ም. ወደ 70 ኩንታል የምትመዝነውን ሴባስቶፖልን አፈሰሱ። ስሟ በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ ለአንድ ዓመት ገደማ ተከብባ ከቆየችው የሩሲያ ከተማ የተወሰደ ነው።

እንግዲህ ማቅለጡን ተማሩ፤ ይህ ለማንም የሚያኮራ ነው። ለመስፈር ግን ሌላ ዕውቀት ያስፈልጋል። የመድፍ ጎን በእጥፍ ሲያድግ ሆዱ በስምንት እጥፍ ያድጋል። በትንሹ መድፍ የለመደ እጅ ትልቁን በግምት ሊያጎርስ አይችልም፤ ግምቱ ራሱ ያታልለዋል። ይህን ሰንጠረዥ የአውሮፓ ግምጃ ቤቶች ያገኙት ለብዙ ትውልድ እየተኮሱ፣ እያፈነዱ፣ እየጻፉ ነው። በቤልጅጓ ሊየዥ ከተማ ከ1672 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተቋቋመ የመሣሪያ መፈተኛ ቤት አለ። አዲስ አፈሙዝ ከተለመደው በላይ ባሩድ ጎርሶ ይተኮሳል፤ ካልፈነዳ ማኅተም ይመታበታል። ጋፋት እንዲህ ላለው ፈተና ዘመን አልተሰጣትም። ሴባስቶፖል በፈሰሰችበት ዓመት ማግሥት፣ መስከረም 30 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ጉዞ ጀመሩ።

ሀብታምና የሠለጠነ አገርም ቢሆን ከዚህ አላመለጠም። በየካቲት 1844 እ.ኤ.አ. ፕሪንስተን በተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ ላይ «ሰላም ፈጣሪ» የሚል ስም የወጣለት ግዙፍ መድፍ ለእንግዶች ማሳያ ሲተኮስ ፈንድቶ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩንና የባሕር ኃይል ሚኒስትሩን በአንድ ጊዜ ገድሏል። ፕሬዚዳንቱም እዚያችው መርከብ ላይ ነበሩ።

ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ የተደረገውን ጉዞ አንባቢ ስለሚያውቀው አላረዝመውም። ጋይንትን፣ ዋድላን፣ የጂዳንና የበሽሎን ገደል መንገድ እየጠረጉ፣ መድፉን በጠፍር እየጎተቱ ወደ ስድስት ወር ተጓዙ። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር።

ሚያዝያ 3 ቀን፣ የስቅለት ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ መድፎቹ ፋላ አምባ ላይ ተደርድረው ወደ አሮጌ ሜዳ ተኮሱ። ከትልልቆቹ አንዱ፣ «ቴዎድሮስ» ተብሎ በንጉሡ ስም የተጠራው፣ ገና በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ፤ ከልክ በላይ ጎርሶ ነበር። የሌሎቹም ጥይት ከላይ ወደ ታች ስለሚተኮስ በእንግሊዞች ራስ ላይ እያለፈ ብዙም ጉዳት ሳያደርስ ቀረ። ሴባስቶፖል አልተኮሰችም። ፊታውራሪ ገብርዬ ሠራዊቱን ይዘው ቁልቁል ወረዱ፤ እዚያው ሜዳ ላይ ወደቁ። ወደ 700 የሚሆን ወገን ሞተ። ከእንግሊዞች የቆሰሉት 20 ያህል ናቸው፤ ሁለቱ በቁስላቸው ሞቱ።

ይህን ልዩነት የፈጠረው ስናድር ጠመንጃ ነው ይባላል፤ እውነት ነው። የእንግሊዝ ጦር ስናድርን በጦርነት የሞከረው መጀመሪያ በዚሁ ዘመቻ ነው። ስናድር ግን ከኋላ ከመጉረሱ ሌላ አንድ ነገር ይዞ መጥቷል፤ ቀለህ። ባሩዱ ዉልዊች ፋብሪካ ውስጥ ተለክቶ ከእርሳሱና ከመለኮሻው ጋር በቀለህ ውስጥ ታሽጎ ነበር የመጣው። የገብርዬ ነፍጠኛ ዝናብ በሚያካፋበት ሜዳ ቆሞ ባሩድ ሲሰፍርና ሲጠቀጥቅ፣ ባላንጣው የሌላ ሰው እጅ የለካውን እያወጣ ያጎርሳል። ስፍሩ ከወታደሩ እጅ ወጥቶ ወደ ፋብሪካ የገባበት ቀን ለእኛ ያ የስቅለት ዕለት ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን በእኛ አገር ስፍሩ ተመልሶ ወደ ጓዳ ገባ። በጉንደትና በጉራዕ ከግብጾች የተማረከው ሬሚንግተን፣ ኋላም በጅቡቲ በኩል በብዛት የገባው የፈረንሳዮቹ ውጅግራ፣ ሁሉም ቀለህ በላዎች ናቸው። ጠመንጃው አንዴ ይገዛል፤ ጥይት ግን ሁልጊዜ ይገዛል። በምኒልክ ዘመን የውጅግራ ጥይት ገበያ ላይ እንደ ገንዘብ ይሠራ እንደ ነበር የሚታወቅ ነው። እንዲህ የተከበረ ነገር ተተኩሶ አይጣልም። ባዶው ቀለህ ከሣር ውስጥ ተለቅሞ፣ እርሳሱ በቤት ፈስሶ፣ ባሩዱ በቤት ተሰፍሮ እንደገና ይሞላል።

እዚህ ላይ ውጅግራ አንድ ደግነት ነበረው። የተሠራው በ1874 እ.ኤ.አ. ስለሆነ የሚበላው ጥቁር ባሩድ ነው። ፋብሪካው 5.25 ግራም ያጎርሰዋል፤ ከአንድ ጠገራ ብር ክብደት አምስት እጁ አንዱ እንኳን አይሞላም። እርሳሱ 25 ግራም ነው፤ ከጠገራ ብር ጥቂት ቢያንስ ነው። ጥቁር ባሩድ ቀለሁን ሞልቶ የሚቀመጥ በመሆኑ ቀለሁ ራሱ መስፈሪያ ይሆናል፤ ሰፋሪው ቢሳሳት ቀለሁ ከአቅሙ በላይ አይቀበልም። ሚዛን የሌለው ሰው በስፍር ብቻ ሊኖር የቻለው ለዚህ ነው።

ደብረ ታቦር ውስጥ የአርበኛ ልጅ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ይህንኑ ነገር በእጄ አስያዙኝ። ከውጅግራ ቀለህ ተቆርጦ የሽቦ እጀታ የተበየደበት፣ እንደ ሕፃን ማንኪያ ያለ ነገር ነው።

«አባቴ ለውጅግራ እንጂ ለሌላ አያስነኩም ነበር» አሉኝ።

«ለምን አባባ?»

«ጎረቤታችን ነዋ! ከጣሊያን ጥይት ውስጥ ያወጣውን ባሩድ በዚሁ ዓይነት መስፈሪያ ሰፍሮ ውጅግራው ውስጥ ጨመረው። ጠመንጃው ከኋላው ተከፈተ፤ ሦስት ጣቱን ወሰደው። አባቴ መስፈሪያውን እያሳዩ ይገሥጹን ነበር፤ ‘ባሩድ ሁሉ አንድ አይደለም’ እያሉ።»

አባትየው ትምህርት ቤት አልገቡም፤ የተናገሩት ግን ሳይንስ ነው። በ1884 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ፖል ቪየል ጭስ አልባውን ባሩድ ሠራ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ለበን ጠመንጃ በዚያ ባሩድ መጣ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ይዞት የመጣው ጠመንጃም ጭስ አልባ በላ ነው። ይህ ባሩድ በጥቂቱ እጅግ ይበረታል፤ ስለዚህም ቀለሁን ሞልቶ መቀመጥ አይገባውም። ያ የጥቁር ባሩድ ደግነት፣ ቀለሁ ራሱ የሚጠብቅህ ነገር፣ እዚህ የለም። ሙላቱን ዓይን እያየ የሚሰፍር ሰው የሚሰፍረው ሞቱን ሊሆን ይችላል። ዛሬ በአሜሪካ ጥይት በቤታቸው የሚሞሉ አዳኞችና ኢላማ ተኳሾች እንደ ትንሽ ከበሮ የሚሽከረከር መስፈሪያ ይገዛሉ፤ የትኛው ይሻላል እያሉም ይከራከራሉ። ጠንቃቆቹ ግን ከመስፈሪያው ጎን ሁልጊዜ ሚዛን ያስቀምጣሉ፤ መስፈሪያው የሰጣቸውን በሚዛን ሳያረጋግጡ አይሞሉም። እንደ እኔ ይህ ከመስፈሪያው ምርጫ ይበልጣል።

ሽማግሌው ስለ ሚዛን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ ጓዳ ተጣርተው እፍኝ ጤፍ አስመጡ። መስፈሪያውን አንድ ጊዜ እንዲሁ ሞልተው መዳፌ ላይ ገለበጡልኝ። ሁለተኛውን በጣታቸው መታ መታ አድርገው፣ ሲጎድል እየጨመሩ፣ አፉን ልክ አድርገው ሌላው መዳፌ ላይ ገለበጡት።

«የቱ ይበዛል?» አሉ።

በዓይንም ይታይ ነበር። ጤፉን መልሰው ወደ ሳህኑ አራገፉትና መስፈሪያውን በጨርቅ ጠቅልለው ከነበረበት ሣጥን አስገቡት።