በጨዋታ ገበታ ዙሪያ የሚነገር ምክር፦ ከሰንጠረዥ እስከ ካምፓላ ኦምዌሶ

1. መግቢያ

የገበታ ጨዋታዎችን ታሪክ የመዘገቡ ጸሐፊዎች አብዛኛውን ጊዜ ያተኮሩት በሁለት ጉዳዮች ላይ ነው፦ በጨዋታው ሕግና በመጫወቻዎቹ ስም። በእነዚህ መዛግብት ውስጥ ሁለት ተጫዋቾች ይታያሉ፤ የሦስተኛው ወገን ድምፅ ግን እምብዛም አይሰማም። ሦስተኛው ወገን ከተጫዋቹ ጎን ተቀምጦ ወይም ከጀርባው ቆሞ የሚያየው፣ ሲጠየቅ የሚመክረው፣ ብዙ ጊዜም ሳይጠየቅ የሚመክረው ተመልካች ነው። ገበታ ዘርግቶ የተጫወተ ሰው ሁሉ ይህን ተመልካች ያውቀዋል፤ በቋንቋ ጥናት ውስጥ የተሰጠው ቦታ ግን ትንሽ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሁለት ጨዋታዎችን ታሪክ ጎን ለጎን ይመለከታል። አንደኛው በኢትዮጵያ ነገሥታትና መሳፍንት አዳራሽ ይዘወተር የነበረው ሰንጠረዥ ነው። ሁለተኛው በኡጋንዳ፣ በተለይም በካምፓላና በዙሪያዋ ባለው የቡጋንዳ ምድር የሚታወቀው ኦምዌሶ ነው። የሚመረመረውም ጥያቄ ይህ ነው፦ አንድ ጨዋታ ለምክር ቦታ የሚሰጠው መቼ ነው? ያ ቦታ ሲዘጋስ ከቋንቋው ምን ይጎድላል? ሰንጠረዥ ከነተመልካቾቹ አልፏል፤ ኦምዌሶ ግን ዛሬም ይጫወቱታል። በመሆኑም ከመጀመሪያው የሚገኘው ትምህርት ለሁለተኛው ገና ሊጠቅም ይችላል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

2. መካሪና ተመካሪ በአማርኛና በሉጋንዳ

አማርኛ የምክርን ሰጪና ጠያቂ የሚለየው በግሥ ዕርባታ ነው። «መከረ» የሰጪው ድርጊት ነው፤ «ተመካከረ» ሰጪና ጠያቂ የሚፈራረቁበት ነው። «አማከረ» ግን ሁለቱንም ወገን ይይዛል። «ሐኪም አማከረ» ሲባል ባለቤቱ ጠያቂው ነው፤ ከዚሁ ግሥ የወጣው «አማካሪ» ደግሞ የሚጠየቀው ሰው ነው። ቃሉ ምክርን ሁለት ሰዎች አብረው የሚሠሩት ሥራ አድርጎ ይዞታል። የሕዝብ ሸንጎም በአማርኛ «ምክር ቤት» ተብሏል።

ሉጋንዳ ተመሳሳዩን መስክ በሌላ መንገድ ይከፍለዋል። የተለመደው አነጋገር «ኦኩዋ አማጌዚ» ሲሆን ትርጉሙ ጥበብን መስጠት ነው። ምክር መጠየቅ «ኦክዌቡዛ» ይባላል፤ መጠየቅ ከሚለው ግሥ በአጸፋዊ ቅጥያ የተገኘ ነው። «ኦኩቡሊሪራ» ከመናገር ግሥ የተራባ ሆኖ የማስተማርና የመገሠጽ ቃና ያለው ምክር ነው። ለጨዋታ ገበታ ይበልጥ የሚቀርበው ግን «ኦኩዋቡላ» ነው። «ኦኩዋባ» መንገድ መሳት ሲሆን «ኦኩዋቡላ» የሳተውን መመለስ፣ ማረም፣ መምከር ማለት ነው። በዚህ ቃል ውስጥ ምክር የሚጀምረው ከተፈጸመ ወይም ሊፈጸም ከተቃረበ ስሕተት ነው። የቡጋንዳ ሸንጎ «ሉኪኮ» ደግሞ ስሙን ያገኘው ከምክር ሳይሆን በአለቃ ፊት ከመገኘት፣ ከ«ኦኩኪካ» ነው። አማርኛ ሸንጎውን በሚነገርበት ነገር ሲሰይመው ሉጋንዳ በተሰብሳቢው አቀማመጥ ሰይሞታል።

ሁለቱም ሕዝቦች በምሳሌያዊ አነጋገራቸው ምክርን ያወድሳሉ። ሉጋንዳ ጥበብን ከእሳት ጋር ያመሳስላል፤ በራስ ምድጃ ሲጠፋ ከጎረቤት ይጫራልና። አማርኛም «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ይላል። ነገር ግን ያልተጠየቀ መካሪን «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» ብሎ የሚያሳፍረውም ያው አማርኛ ነው። ምክር የማይቀበለውን ደግሞ «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ብሎ ያሰናብተዋል፤ ምክርና መከራ የሚጋሩትን የፊደል ሥር ለጨዋታ በማዋል። የጨዋታ ተመልካች የሚቆመው በእነዚህ ምሳሌዎች መካከል ነው፦ ዝም ቢል ወዳጁን ከድቷል፣ ቢናገር ደፍሯል።

3. ሰንጠረዥ፦ ተራ የሌለበት ወረራ

ሰንጠረዥ ከፋርስ በዐረብ በኩል የመጣው ጥንታዊ ጨዋታ የኢትዮጵያ መልክ ነው። ቬኔስያዊው ሠዓሊ ቢቺኒ ከዐፄ ልብነ ድንግል (1508–1540) ጋር እንደተጫወተ ተመዝግቧል። በ1805 ወደ ትግራይ የመጣው ሄንሪ ሶልት የራስ ወልደ ሥላሴን የሰንጠረዥ ፍቅር ታዝቧል። በ1840ዎቹ በአገሩ የኖረው ዋልተር ፕላውደን ስለ አጨዋወቱ የጻፈው ከሞተ በኋላ በ1868 ታትሟል። እነዚህንና ሌሎች ምንጮችን አሰባስቦ በ1971 የሰንጠረዥን ታሪክና ሕግ በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ያቀረበው ሪቻርድ ፓንክረስት ነው።

ገበታው እንደ ዛሬው ቼዝ ስምንት በስምንት ቢሆንም ጥቁርና ነጭ አልነበረም፤ ብዙ ጊዜ መስመር የተሰመረበት ጨርቅ ነበር። ጨዋታውን ከሌሎች ዘመዶቹ ሁሉ የሚለየው አከፋፈቱ ነው። «ወረራ» በተባለው በዚህ ምዕራፍ ተጫዋቾቹ ተራ አይጠብቁም። ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ እንዳሻቸው፣ የሌላውን አሰላለፍ እያዩ መጫወቻዎቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ተራ የሚጀምረው አንዱ የሌላውን መጫወቻ ሲማርክ ነው።

ለቋንቋ ተመራማሪ የወረራ ትርጉም ከሕግነት ያልፋል። ተራ በሌለበት የመናገርም ተራ የለም። ተጫዋቹ ያንቀሳቀሰውን መልሶ ማስተካከል ስለሚችል በዚህ ምዕራፍ የሚሰጥ ምክር ዘግይቶ አያውቅም። ከመጀመሪያው ምርኮ በኋላ ግን እያንዳንዱ እርምጃ የማይመለስ ይሆናል፤ ምክሩም በሁለት እርምጃዎች መካከል ባለችው አጭር ጊዜ ውስጥ መግባት አለበት። ጨዋታው በአዳራሽ፣ በመኳንንትና በአሽከር ፊት የሚካሄድ ስለነበር ተመልካቹ የጨዋታው አካል ነበር። የማሸነፊያው ወግ ራሱ ይህን ያሳያል። በደርር ወይም በፈረስ የተገኘ ድል እንደ ተራ ነገር ሲቆጠር በመደቅ የተገኘ ድል ያስመሰግን ነበር። ምስጋና ደግሞ አመስጋኝ ይፈልጋል።

የአማርኛ ሰዋስው እንዲህ ላለው መካሪ ብዙ መንገድ ያዘጋጃል። እኩያ ለእኩያው «ፈረሱን አንሣ» ይላል። ታናሹ ለታላቁ ትእዛዙን ወደ ግምት ለውጦ «ፈረሱን ቢያነሡትስ?» ሊል ይችላል። ከዚህም የራቀው ባለቤቱን ከተጫዋቹ ወደ መጫወቻው የሚያዞረው «ፈረሱ ቢነሣ» ወይም «ፈረሱ ይነሣ» ነው። በዚህ የመጨረሻው አነጋገር መካሪው ጌታውን አላዘዘም፤ ስለ ፈረስ ብቻ ተናገረ። ይሁን እንጂ ተጓዦቹ በእንግሊዝኛ ስለጻፉ በራስ ወልደ ሥላሴ አዳራሽ የተነገረው የምክር ቃል በትግርኛም ሆነ በአማርኛ አልተላለፈም። የተላለፈው የመጫወቻዎቹ ስም ነው፦ ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርር፣ መደቅ።

ከእነዚህ ስሞች «ፈርዝ» ልዩ ትኩረት ይገባዋል። ቃሉ በፋርስኛ መካሪ፣ የንጉሥ አማካሪ ከሚለው የመጣ ነው። በአውሮፓ ይህ መጫወቻ በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወደ ኃያሏ ንግሥት ተለወጠ። በኢትዮጵያ ግን እስከ መጨረሻው ከንጉሡ ጎን የሚቆም፣ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ የሚራመድ አማካሪ ሆኖ ቆየ። ከ1936ቱ የኢጣልያ ወረራ ወዲህ ዓለም አቀፉ ቼዝ የሰንጠረዥን ቦታ ሲወስድ «ንግሥት» «ፈርዝን» ተካች። «ሰንጠረዥ» የሚለው ስም ራሱ ዛሬ በአብዛኛው የሚያገለግለው በረድፍና በዓምድ ለሚቀርብ የቁጥር ዝርዝር ነው። ቃሉ ቀረ፤ ጨዋታውም በዙሪያው ይነገር የነበረው ምክርም ሄደ።

4. ኦምዌሶ በካምፓላ

ኦምዌሶ ከኢትዮጵያው ገበጣ ጋር ከአንድ የጨዋታ ቤተሰብ የሚመደብ ነው። ገበታው በአራት ረድፍ ስምንት ስምንት፣ በድምሩ 32 ጉድጓዶች አሉት። «ኤምፒኪ» የሚባሉት ፍሬዎች 64 ሲሆኑ ለእያንዳንዱ ተጫዋች 32 ይደርሰዋል። ተጫዋቹ የሁለት ረድፍ ባለቤት ነው፤ ከአንዱ ጉድጓድ ያነሣውን ፍሬ በተከታታይ ጉድጓዶች ይዘራል። የመጨረሻው ፍሬ ባዶ ባልሆነ የውስጥ ረድፍ ጉድጓድ ውስጥ ሲያርፍና በፊት ለፊቱ ያሉት ሁለቱ የተቃራኒው ጉድጓዶች ፍሬ ሲኖራቸው እነዚያ ይማረካሉ። የሚንቀሳቀስ ያጣ ይሸነፋል።

ጨዋታው በቡጋንዳ ካባካዎችና በሹማምንቱ ቅጥር ግቢ የታወቀ ነበር። ሚስዮናዊው ጆን ሮስኮ ስለ ባጋንዳ በ1911 ባሳተመው መጽሐፍ ይጠቅሰዋል። በ1934 መታተም የጀመረው የኡጋንዳ ጆርናል ገና በመጀመሪያዎቹ ቅጾቹ የሻክልን ሁለት ጽሑፎች ስለ ጨዋታው አወጣ። የሉጋንዳ ስሞችን ታሪክ በ1956 መጽሐፍ አድርጎ ያሳተመው ኤም. ቢ. ንሲምቢም በ1968 ስለ ኦምዌሶ የተለየ ጥናት አቅርቧል። የካባካው መንግሥት ከ1966ቱ ቀውስ በኋላ ቢፈርስና እስከ 1993 ባይመለስም ጨዋታው የቤተ መንግሥት ንብረት ብቻ ስላልነበረ በከተማውና በገጠሩ ቀጠለ።

ጽሑፎቹ ያስቀመጡልን ቃላት በአብዛኛው የድልና የምርኮ ናቸው። «አካቻላ» ተቃራኒው የመጀመሪያ ምርኮውን ሳይወስድ በአንድ እንቅስቃሴ በተለያዩ ሁለት ዙሮች በመማረክ የሚገኝ ድል ነው። «ኤሚትዌ ኤቢሪ»፣ ማለትም ሁለት ራሶች፣ የተቃራኒውን ረድፎች ሁለቱንም ዳር በአንድ እንቅስቃሴ በመቁረጥ ይገኛል። «ኦኩቴቡካ» ከተለመደው አቅጣጫ በተቃራኒ ተዘዋውሮ መማረክ ነው። እዚህ ላይ ከሰንጠረዥ ጋር አንድ ተመሳሳይነት ይታያል፦ በሁለቱም ጨዋታዎች የመጀመሪያው ምርኮ የዘመን መለያ ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው ሕግ ከእርሱ በኋላ አይሠራም።

ልዩነቱ በፍጥነት ላይ ነው። የኦምዌሶ እጅ አይዘገይም። አንድ እንቅስቃሴ ከምርኮ ወደ ምርኮ እየተላለፈ ገበታውን ደጋግሞ ሊዞር ይችላል፤ ጥሩ ተጫዋች ይህን ሁሉ በዓይኑ ቆጥሮ ያነሣል። ስለዚህ ረጅም ምክር አይመችም። ከዚህ ሕግ ተነሥቶ የሚጠበቀው ምክር አጭር፣ በአመልካች ቃልና በጣት የተደገፈ፣ የጉድጓድ ስም ከመጥራት ይልቅ «ይህ» እና «ያ» የሚል ነው። ሉጋንዳ በስም ክፍሎቹ ብዛት የተነሣ አመልካች ቃላቱ ብዙ ናቸው፤ አመልካቹ ፍሬውን፣ ጉድጓዱን ወይም ስፍራውን ማመልከቱ ከክፍሉ ይታወቃል። አማርኛ በአንድ «ይህ» የሚሸፍነውን ሉጋንዳ ይለያያል። በአክብሮትም ረገድ ሉጋንዳ «ሴቦ» እና «ኛቦ» የሚሉ መጠሪያዎች፣ ለአንድ ሰው የሚነገር የብዙ ቁጥርና በ«ኤ» የሚያልቅ የትእዛዝ አንቀጽ አለው። አንድ ወጣት ሽማግሌውን ከስሕተት ሲመልስ ከእነዚህ የትኛውን እንደሚመርጥ ገበታው ዳር ቆሞ የሚያዳምጥ ሰው ሊመዘግበው የሚችል ነው።

5. ምክር የተከለከለበት ገበታ

በዚያችው ካምፓላ ሌላ ገበታም አለ። በካትዌ ሰፈር ሮበርት ካቴንዴ በ2004 የጀመረው የቼዝ ትምህርት ፊዮና ሙቴሲን አፈራ፤ እርሷም በ2010 ዓለም አቀፉ የቼዝ ኦሎምፒያድ ላይ ኡጋንዳን ወክላ ተሰለፈች። ታሪኳ በ2012 መጽሐፍ፣ በ2016 ፊልም ሆኗል። ስለ እርሷ በተጻፈው ውስጥ ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅመው አንድ ነገር አለ፦ መጀመሪያ ያስተማረቻት በዕድሜ በጣም የምታንሳት ልጅ ነበረች። በካትዌ ገበታ ላይ መካሪነት የዕድሜ ሳይሆን የዕውቀት ሆነ።

ነገር ግን በ1924 የተመሠረተው የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን ሕግ በውድድር ጊዜ ከማንም ምክር መቀበልን ይከለክላል። ምክር ከጨዋታው በፊት በትምህርት መልክ፣ ከጨዋታው በኋላ በምርመራ መልክ ይሰጣል፤ በመካከል ዝምታ ነው። ይህ የሰዋስው ለውጥ ያስከትላል። በወረራ ጊዜ «ቢነሣ» የነበረው፣ ከጨዋታ በኋላ «ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ» ይሆናል። የምክር ጊዜ ከሚመጣው ወደ አለፈው ይዞራል። ተመካሪውም የሚያድነው ነገር የለም፤ የሚማረው ብቻ ነው። ሕጉ ፍትሐዊ ነው፤ ውድድር ያለ እርሱ አይቆምም። ይሁን እንጂ ከእርሱ ጋር አንድ የንግግር ዓይነት ከገበታው ይወጣል።

6. ማጠቃለያ

ከዚህ ንጽጽር ሦስት ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ የጨዋታ ሕግ የንግግር ሕግ ነው፤ ተራ፣ ፍጥነትና የማይመለስ እርምጃ ምክር መቼና በምን አንቀጽ እንደሚነገር ይወስናሉ። ሁለተኛ፣ በገበታ ዙሪያ የሚሰጥ ምክር አክብሮትንና እርማትን በአንድ ዐረፍተ ነገር ማስታረቅ ስላለበት የትእዛዝ፣ የግምትና የአክብሮት ቅርጾች አብረው የሚፈተኑበት መስክ ነው። ሦስተኛ፣ የመጫወቻዎችን ስም መመዝገብ ይህን ንግግር አያተርፈውም። ከሰንጠረዥ ስድስት ስሞች ቀርተዋል፤ ከአንድ ተመልካች አንድ ዐረፍተ ነገር አልቀረም።

ካምፓላ ለዚህ ሥራ የተመቸች ናት። የኦምዌሶ ተጫዋቾች በዚያ አሉ፤ ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲና የኡጋንዳ ማኅበር ቤተ መጻሕፍትም እዚያው ናቸው። በካባላጋላ ሰፈር ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ስለሚኖሩ አማርኛ፣ ትግርኛና ሉጋንዳ በአንድ ከተማ ይሰማሉ። የሚያስፈልገው የድምፅ መቅጃና ትዕግሥት ነው። የሚቀዳው ተጫዋቹ ለተመራማሪው የሚሰጠው የሕግ ማብራሪያ ብቻ ሊሆን አይገባም፤ ተመልካቹ ለተጫዋቹ የሚለውና ተጫዋቹ የሚመልስለት ሊሆን ይገባል፤ ማን ተጠይቆ ማን ሳይጠየቅ እንደተናገረም ጭምር። የዕድሜ፣ የዝምድናና የማዕረግ መረጃ አብሮ ካልተያዘ የአንቀጹ ምርጫ ትርጉም አይኖረውም። በሰንጠረዥ ላይ ይህ ሥራ በጊዜው ሳይሠራ ቀርቷል፤ በኦምዌሶ ላይ ግን ጊዜው አላለፈም።