ጊዜውን የቀደመው አልበም

በካናዳ አገር፣ በኬቤክ ክፍለ ሀገር፣ በሸርብሩክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1989 የተመሠረተው ጎርገትስ የተባለው ባንድ የተነሣው ዴዝ ሜታል የሚባለው የሙዚቃ ዘርፍ ገና በአፍላ ዕድሜው ሳለ ነበርና፣ በ1991 እና በ1993 በሮድራነር ኩባንያ አማካይነት ያወጣቸው ሁለት አልበሞች ጊታሩ የፈጠነ፣ ከበሮው የሚያስገመግም፣ የዘፋኙም ድምፅ ከጉሮሮ ጥልቅ የሚወጣ ግሣት በመሆኑ የዘርፉን ሥርዓት የጠበቁ ነበሩ። ከዚህ በኋላ ግን ኩባንያው ከባንዱ ጋር የነበረውን ውል አቋረጠ፤ ጎርገትስም አሳታሚ አጥቶ ዓመታት አለፉ።

በዚህ የዝምታ ዘመን የባንዱ መሪ ሉክ ለሜ፣ ሾስታኮቪችንና ፔንደሬትስኪን የመሳሰሉትን የሃያኛው ምእተ ዓመት ሊቃውንተ ሙዚቃ አጥብቆ የሚወድ ሰው ነበረና፣ ከጊታር ተጫዋቹ ከስቲቭ ሃርድልና ከቤዝ ተጫዋቹ ከስቲቭ ክሉቲየ ጋር ሆኖ፣ በዘርፉ ዘንድ እንደ ቀኖና ይታይ የነበረውን፣ አንድን አውታር በፍጥነት እየደጋገሙ የመምታትን ልማድ በገዛ ፈቃዳቸው ትተው፣ ማንም ያልሄደበትን የዜማ ጎዳና ያዙ።

የዚህ ድካም ፍሬ የሆነው፣ 12 ድርሰቶችን የያዘውና አንድ ሰዓት ያህል የሚፈጀው «ኦብስኩራ» የተባለው አልበም በሰኔ ወር 1998 ኦሊምፒክ በተባለ አሳታሚ ወጣ። በእርሱ ውስጥ የጊታሩ አውታር ይፋቃል፣ ይሳባል፣ ያቃስታል፤ ሁለቱ ጊታሮች እርስ በርሳቸው የተጣሉ እስኪመስሉ ድረስ የማይስማሙ ድምፆችን ጎን ለጎን ያሰማሉ፤ የከበሮውም ምት አድማጩ ያዝኩት ሲል ያመልጠዋል። «ክላውድድ» የተባለው ድርሰት ከዘጠኝ ደቂቃ በላይ በከባድና በዝግተኛ ርምጃ ሲጓዝ፣ «ኧርዝሊ ላቭ» በተባለው ደግሞ ለሜ ራሱ የሚጫወተው ቪዮላ በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል እንደ ሙሾ አውራጅ ድምፅ ብቅ ይላል።

አልበሙ በወጣ ጊዜ ጥቂቶች ታላቅነቱን ወዲያው ቢመሰክሩም፣ የለመዱትን ፍጥነትና ግልጽ ምት ይጠብቁ የነበሩት ብዙዎች ሥርዓት የሌለው ጩኸት አድርገው ቈጠሩት። ይሁን እንጂ ዕዝነ ልቡና በአንድ ቀን አይከፈትምና፣ ደጋግመው ያደመጡት ሰዎች ሁከት የመሰላቸው ሁሉ በጥንቃቄ የተቀመረ፣ እያንዳንዱም የድምፅ ግጭት ስፍራው ታስቦበት የገባ መሆኑን እያደር ተረዱ። የሐያስያኑም ፍርድ በዚያው መጠን ተለወጠ፤ ዴሲብል የተባለው የአሜሪካ የሜታል መጽሔት አልበሙን በክብር መዝገቡ አሰፈረው፤ በጀርመን አገር የተነሣ አንድ ባንድም ስሙን ከዚሁ አልበም ወስዶ «ኦብስኩራ» ተባለ። ተበትኖ የነበረው ጎርገትስም በ2013 «ከለርድ ሳንድስ» በተባለው አልበም ሲመለስ፣ ስሙን በአክብሮት የሚጠራ አዲስ ትውልድ ተቀበለው።

እንግዲህ ሐያሲ የሆነ ሁሉ አዲስ ሥራ ሲቀርብለት፣ ያን ሥራ ራሱ ባወጣው ሕግ መርምሮ እስኪረዳው ድረስ ብዕሩን ይታገሥ። «ኦብስኩራ» ዛሬ ያገኘው ክብር በወጣበት ዓመት ይገባው ነበር፤ ያዘገየበትም የችኩል አድማጭ ፍርድ ነው።