«ነከሰ»፣ «ጠበቀ»፣ «ተሰነቀረ»፦ የካምቢዮ ቃላት ከጋፋት እስከ ንፋስ መውጫ

በጋይንት ምድር ከባድ ብረት በመንኮራኩር ላይ ሆኖ ስለ ተጓዘበት ዘመን ሲነሣ አስቀድሞ የሚታወሰው ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያደረጉት ጉዞ ነው። በጋፋት የተሠራውና 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው «ሴባስቶፖል» የተባለው መድፍ፣ ገደሉ እየተናደ መንገድ እየተጠረገለት፣ በጨጨሆ በኩል አልፎ መቅደላ እስኪደርስ አምስት ወር ተኩል ያህል ፈጅቷል። ለዚያ ሥራ ያገለገሉት ስሞች ከሁለት ቤት የመጡ ነበሩ። ሠረገላና መንኮራኩር ከግእዝ መጻሕፍት፣ መዶሻ፣ መስፍ፣ ወናፍና ጉጠት ደግሞ ከቀጥቃጩ ቤት። ስለ ግሦቹ ወደ ኋላ እንመለስበታለን፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይም እነርሱ ናቸውና።

አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ሲሆን ያመጣውም ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። በዚያው ዘመን፣ በኋላ በዘፈንና በቅኔ ስማቸው የገነነው ተሰማ እሸቴ የአውቶሞቢል ሙያ እንዲማሩ ወደ ጀርመን አገር ተልከው ነበር። ነገሩ በዚያው መንገድ ቢቀጥል ኖሮ የጋራዡ ቋንቋ ምናልባት ጀርመንኛ በሆነ ነበር። ሆኖም አልቀጠለም።

የጋራዡን ቃል በብዛት ያስገባው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው የኢጣልያ ወረራ ነው። ከጠላት ጦር ጋር የመጡት የጭነት መኪናዎች ጠጋኝ ያስፈልጋቸው ስለ ነበር፣ በየጋራዡ የተቀጠረው ረዳት ዕቃውን ከነስሙ ተቀበለ። ከድሉም በኋላ በአገሩ የቀሩት ኢጣልያውያን መካኒኮች ሙያውን ስላስተማሩ ስሞቹ ጸኑ። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ባሌስትራ፣ ሞላ የዚያ ዘመን ቅርሶች ናቸው። ተናጋሪው ግን እንዳሉ አልዋጣቸውም። በ«ካቻቪቴ» ውስጥ የነበረውን «ቨ» ወደ «በ» መልሶታል፤ «ኩሺኔቶ» የነበረውን መድረሻውን ለውጦ «ኩሽኔታ» ብሎታል። ከዚያ በኋላ በአገራችን ዳገት ላይ ብዙ ዘመን የደከመው የፊያት መኪና እንኳ ስሙ «ኤንትሬ» ሆኖ የቀረው «ኤን ሦስት» የሚለው ምልክት በኢጣልያንኛ ስለ ተነበበ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ግጥምጥሞሽ አለ። ኢትዮጵያዊው ረዳት «ፍሪሲዮን» ማለትን በሚማርባቸው በእነዚያ ዓመታት በአሜሪካ የፍሪሲዮን መርገጫ የሌለው መኪና ለገበያ ቀረበ። ጄኔራል ሞተርስ «ሃይድራማቲክ» የተባለውን ካምቢዮ እ.ኤ.አ. በ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል ላይ አወጣው። በውስጡ ኃይልን በዘይት አማካይነት የሚያስተላልፈው መሣሪያ ሐሳቡ የጀርመኑ መሐንዲስ የፌቲንገር ነው፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1905 የባለቤትነት መብት አስመዝግቦበታል። ስለዚህ ከኢጣልያኖች የወረስነው መዝገብ ለዚህ ዓይነቱ ካምቢዮ የሚሆን ስም አልነበረውም። አውቶማቲክ መኪና ዘግይቶ፣ በተለይም ያገለገሉ የጃፓን መኪናዎች በብዛት መግባት ሲጀምሩ በየመንደሩ በታየ ጊዜ፣ «ኩሽኔታ»፣ «ቡሎን»ና «ካምቢዮ» ወደ እርሱ ተሻገሩ፤ የቀረው ግን «ኮንቨርተር»፣ «ቫልቭ» እየተባለ በእንግሊዝኛ ገባ። በጽሑፍ የሚታየው «ራስ-ሰር» መልካም ቃል ነው፤ ከጋራዡ በር ግን ገና አልዘለቀም።

ንፋስ መውጫ ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ በሚዘልቀው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ከተማ ናት። ይህ መንገድ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቻይና መንግሥት ትብብር የተሠራ ስለ ሆነ እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» ይባላል። እንዲህ ባለው ረጅም ዳገት የአሮጌ አውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ይግላል፤ ደጋግሞ የጋለ ዘይት ይጠቁራል፤ የጠቆረ ዘይት ብረቱን ማልበስና መጠበቅ ይተዋል። እንግዲህ ካምቢዮው ይወርዳል። («ካምቢዮ ማውረድ» የሚለው አነጋገር ራሱ፣ ሸክምን ከአጋሰስ ላይ ከማውረድ የተወሰደ ይመስላል፤ ለዚህ ሥራ ከዚህ የሚሻል ቃል አላውቅም።)

ካምቢዮው ወርዶ ሲፈታ አንዱ ክፍል አልወጣም ይላል። የእንግሊዝኛው የጥገና መጽሐፍ ለዚህ ሁሉ «ስታክ» የሚል አንድ ቃል ይበቃዋል። ተርጓሚውም ቃሉን ሲያገኝ «ተጣበቀ» ብሎ ያልፋል። ጉዳቱ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም የአማርኛው ግሥ የሕመሙን ምክንያት ለይቶ ይናገራልና።

«ተጣበቀ» ሲባል በሁለቱ ብረቶች መካከል የሚያጣብቅ ነገር አለ ማለት ነው። ዘይቱን የሚያዝዙት ቫልቮች ከማደሪያቸው ጋር ያላቸው ክፍተት የሚሊ ሜትር ጥቂት መቶኛ ብቻ ስለ ሆነ፣ የተቃጠለ ዘይት የሚተወው ስስ ልባስ እንቅስቃሴያቸውን ለማገድ ይበቃል። መድኀኒቱ በሚያሟሟ ፈሳሽ መዘፍዘፍ፣ ከዚያም ማደሪያውን በእንጨት ቀስ አድርጎ መታ መታ ማድረግ ነው።

«ነከሰ» ሌላ ነው። ዘይት አጥቶ የጋለ ብረት ብረትን ነክሶ ገላው ተልጧል። ይህን በፈሳሽ ቢያጥቡት ለውጥ የለውም፤ በግድ ቢስቡት ንክሻው እየጠለቀ ይሄዳል፤ ብዙውን ጊዜም ክፍሉ መለወጥ አለበት።

«ተሰነቀረ» የሚባለው ባዕድ ነገር በመካከል ሲገባ ነው፤ ከጥርስ የተሸረፈ ስባሪ ወይም የተበጠሰ ቀለበት ሊሆን ይችላል። አጥንት የተሰነቀረበት ሰው ወደ ፊት እንደማይገፋለት ሁሉ፣ ይህም ወደ መጣበት ይመለሳል እንጂ አይሳብም።

«ጠበቀ» ደግሞ ከነጭራሹ ብልሽት አይደለም። ሠሪው ራሱ አጥብቆ ያስገባው ነው። ለምሳሌ በአሉሚኒየም ቤት ውስጥ የተቀመጠ የብረት ኩሽኔታን እንውሰድ። አሉሚኒየም በሙቀት የሚለጠጠው የብረትን እጥፍ ያህል ነው፤ አንድ ሜትር ርዝመት ያለው በ100 ዲግሪ ቢሞቅ አሉሚኒየሙ 2.3፣ ብረቱ 1.2 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። በንፋስ መውጫ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። የደጋው ብርድ 15 ዲግሪ ላይ ያቆየውን ቤት በፈላ ውኃ ደጋግመው ቢያሞቁት፣ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ኩሽኔታ ዙሪያ 0.08 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይገኛል። ያ ለዓይን የማይታይ ክፍተት «ጠበቀ»ን «ላላ» ያደርገዋል። ቤቱን አፉን ወደ ታች ደፍተው በእንጨት መታ ሲያደርጉት ኩሽኔታው በራሱ ይወርዳል። ይህን ያላወቀ ሰው ካቻቢቴ አስገብቶ ሲፈነቅል አሉሚኒየሙን ይፈቀፍቀዋል፤ ተጋጥሞ ከተሰቀለ በኋላ ዘይቱ በዚያ ጭረት ሲያፈስ ካምቢዮው እንደገና ይወርዳል።

ከእነዚህ ግሦች አንዱም ከውጭ የመጣ አይደለም። ከጥርስ፣ ከጉሮሮ፣ ከገመድ ቋጠሮ፣ በጋፋትም ዘመን ከነበረው ከቀጥቃጩ ቤት የተወረሱ ናቸው። ስሙ ሦስት ጊዜ ቢለዋወጥም ግሡ ከቦታው አልተነቃነቀም። የቃላት አሰባሰብ ሥራችን ግን ከስም ላይ የማተኮር ልማድ አለው። በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ትልቅ ሥራ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ቀጣዩ ሰብሳቢ ግን ወደ ጋራዥ ሲገባ «ይህ ምን ይባላል?» ብቻ ሳይሆን «ይህ ምን ሆነ?» ብሎም ቢጠይቅ ከረጢቱ ሞልቶ ይወጣል።

የማውጫ መሣሪያው ስምም የሚወሰነው በግሡ ነው። «መንቀያ» የሚሉ አሉ፤ መንቀል ግን ሥርን በጥሶ ማውጣት ነውና ለጥርስና ለአረም ይስማማል። ቀለበት ከጣት የሚወልቀው ቀለበቱም ጣቱም ሳይጎዳ ነው። ስለዚህ «ማውለቂያ» እንዲባል ሐሳብ አቀርባለሁ። የተቃጠለው ዘይት ለሚተወው ስስ ልባስ ግን የሚሆን ስም ገና አልተመረጠም። «ዝቃጭ» ከሥር የሚረጋ እንጂ የሚለጠፍ አይደለም፤ «ጥቀርሻ» ይለጠፋል፣ ነገር ግን ከጭስ ነው። ከሁለቱ ለጊዜው ወደ «ጥቀርሻ» አደላለሁ፤ የተሻለ ያለው አንባቢ ቢጽፍልን እንቀበላለን።