የዳሎል ጨውና ፖታሽ፤ የማዕድኑና የመንገዱ ታሪክ

ከመቀሌ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚወርድ መንገደኛ የደጋውን ብርድ ከኋላው ትቶ፤ በበርሃሌ በኩል የደረቀውን ሸለቆ ተከትሎ ሲሄድ፤ ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ያህል ዝቅ ካለው ከአፋር የጨው ሜዳ ይደርሳል። ዳሎል የተባለው ኮረብታ የሚገኘው ከዚሁ ሜዳ ላይ ነው። ከ1960 እስከ 1966 ድረስ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ነው) በማዕድን ሠሪዎቹ ሰፈር የተመዘገበው የሙቀት መጠን፤ ሌሊቱም ቀኑም፤ ክረምቱም በጋውም አንድ ላይ ተደምሮ ሲካፈል፤ 34.6 ዲግሪ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ስለ ዳሎል የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሡት ስለ ሙቀቱ ነው። ነገር ግን በዚያ ማዕድን ሊያወጡ የመጡትን ኩባንያዎች አንድ በአንድ የመለሳቸው ከሙቀቱ ይልቅ መንገዱ እንደ ሆነ ታሪኩን የመረመረ ሰው ያገኘዋል።

የምድርን ጠባይ የሚመረምሩ ሊቃውንት እንደሚሉት፤ በአፋር ምድር የምድር ቅርፊት በሦስት ወገን እየተሳበ ይቀደዳል፤ የአፍሪቃ ወገን፤ የሱማሌ ወገንና የዐረብ ወገን እርስ በርሳቸው ይራራቃሉ። በመካከላቸው ያለው ምድር ስለሚሰምጥ፤ ቀይ ባሕር በጥንት ዘመን በዙላ በኩል ገብቶ ሜዳውን ሞልቶት ነበረ። ለዚህም ምስክሩ ዛሬ በሜዳው ዳርና ዳር ደርቆ የሚታየው የባሕር ዛጐልና የመርጃን ድንጋይ ነው፤ ዕድሜውም ከመቶ ሺህ ዓመት ይበልጣል። በኋላ በአሊድ በኩል እሳተ ገሞራ ምድሩን ከፍ ስላደረገው በሩ ተዘጋ፤ ከውስጥ የቀረውም ባሕር በፀሐይ ተነነ።

ባሕር ሲተን በውስጡ ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አይጥልም፤ ሥርዓት አለው። አስቀድሞ የኖራ ድንጋይ ይወርዳል፤ ቀጥሎ ጄሶ የሚሠራበት ድንጋይ ይረጋል። የምንበላው ጨው የሚጀምረው ከውሃው ከአሥር እጅ ዘጠኙ ያህል ካለቀ በኋላ ነው። ፖታሽ ግን ከሁሉ በኋላ፤ ከድስቱ ግርጌ የመጨረሻው ጠብታ ሊደርቅ ሲል ብቻ ይገኛል። ጨው በብዙ አገር ሲገኝ ፖታሽ በጥቂት አገር የተወሰነውም ስለዚህ ነው፤ አብዛኛው ባሕር እስከዚያ ድረስ አይደርቅም። የአፋሩ ባሕር ግን ደረቀ። በመሰርሰሪያ በተመረመረው ስፍራ ጨው ወደ አንድ ሺህ ሜትር ጥልቀት ተቈልሎ ተገኝቷል፤ ፖታሹም ከላይኛው ጨው በታች በሦስት ዐይነት ተደራርቧል፤ ስማቸውም ከታች ወደ ላይ ካይናይት፤ ካርናላይትና ሲልቫይት ይባላል። በዳሎል ኮረብታ ደግሞ ከሥሩ ያለው የምድር እሳት ጨውን ወደ ላይ ገፍቶ ስላወጣው፤ በሌላ ስፍራ በጥልቅ የሚፈለገው ማዕድን በዚያ ለእጅ ቀረበ። በ1926 በዚሁ አጠገብ ከምድር በታች የፈላው ውሃ ፈንድቶ ጕድጓድ ከፍቷል። ቢጫና አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው የፈላ ምንጭም ውበቱ ለዓይን ብቻ ነው፤ ኮምጣጣነቱ ሥጋን ያቃጥላል።

የላይኛውን ጨው ግን ሰው ካወቀው ብዙ ዘመን ሆኖታል። በ6ኛው መቶ ዓመት የጻፈው ነጋዴው ኮስማስ፤ የአክሱም ንጉሥ ሰዎች ከሳሱ ወርቅ ሲገዙ በሬና ብረት ከጨው ጋራ ይዘው ይሄዱ እንደ ነበረ ተናግሯል። በ1520 የመጣው የፖርቱጋል ቄስ አልቫሬዝም ጨው በአገሩ ሁሉ እንደ ገንዘብ ሲሄድ አይቷል። በ1625 ሮማዊው ፓትርያርክ አልፎንዙ ሜንዴዝ በበይሉል ወርዶ ወደ ደጋ ሲወጣ በዚህ በረሃ አለፈ፤ ባልንጀራው ሎቦም የመንገዱን መከራ ጽፎ አቈይቶታል። ሰዎቹ በአገራችን ላይ ያመጡትን ነገር አንባቢ ስለሚያውቀው እዚህ አይነገርም።

አሞሌ ከገንዘብ ሁሉ ልዩ ነው። ሲቸግር ይበላል፤ ዝናም ሲነካው ይቀልጣል፤ ሲወድቅ ይሰበራል፤ እንዳይሰበርም በልጥ ይታሰራል። ከሁሉ የሚደንቀው ግን ዋጋው ነው። በጨው ሜዳው አጠገብ ብር የያዘ ሰው ብዙ አሞሌ ያገኛል፤ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ በራቀ መጠን በዚያው ብር የሚያገኘው ቍጥር እያነሰ ይሄዳል። እንግዲህ ገዢው የሚከፍለው ለጨው ሳይሆን ለግመሉና ለበቅሎው እግር፤ በየበሩም ለሚከፈለው ቀረጥ ነው። የመቀሌ ገበያም የከበረው በዚሁ ነው።

ፖታሹ በ1906 እንደ ተገኘ ይነገራል። በ1908 ዳግማዊ ምኒልክና የኢጣልያ መንግሥት ወሰን ሲዋዋሉ፤ ድንበሩ ከባሕሩ ዳር 60 ኪሎ ሜትር ርቆ እንዲሄድ ተስማሙ። በዚህ ውል ማዕድኑ ለኢትዮጵያ፤ ወደቡ ለኢጣልያ ሆነ። የኋላው ችግር ሁሉ በዚያች መስመር ላይ ተጽፎ ነበረ ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ የኢጣልያ ኩባንያ ሥራ ጀመረ። በዚያም ዘመን ለዓለም ፖታሽ የምታቀርበው ጀርመን ነበረች፤ ለእርሻ ማዳበሪያም ለሌላም ሥራ የሚፈለገው ሁሉ ከእርስዋ ይመጣ ነበር። በ1914 ጦርነት በተነሣ ጊዜ ይህ በር ለጠላቶችዋ ስለ ተዘጋ፤ በረሃው በድንገት ተፈላጊ ሆነ። ከመርሳ ፋጥማ ወደብ ተነሥቶ የተዘረጋው ጠባብ የባቡር ሐዲድ በ1918 ከዳሎል 28 ኪሎ ሜትር እስኪቀረው ድረስ ደርሶ ቆመ። ከማዕድኑም 50,000 ቶን ያህል ወጣ ይባላል። ነገር ግን ሐዲዱ በተፈጸመበት ዓመት ጦርነቱም ተፈጸመ። የጀርመን ፖታሽ ወደ ገበያ ተመለሰ፤ የአልዛስም ጕድጓድ ለፈረንሳይ ሆነ፤ ዋጋው ወደቀ። ከ1925 እስከ 1929 እንደ ገና ተሞክሮ 25,000 ቶን ያህል በሐዲዱ ወርዶ ተጫነ፤ ከዚያ በኋላ አሜሪካና ሩስያ የራሳቸውን ስላወጡ ዳሎልን የሚፈልግ ጠፋ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኤርትራን የያዙት እንግሊዞች ሐዲዱን ነቅለው ወሰዱት። አንድ ትውልድ የደከመበት መንገድ ብረቱ ብቻ ዋጋ አገኘ።

በ1960ዎቹ ፓርሰንስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ መጥቶ በ65 ስፍራ ከ250 የሚበልጥ ጕድጓድ ሰረሰረ፤ በሙስሊ የሚገኘውንም ታላቅ ክምችት አገኘ፤ ሆኖም ሥራው ሳይደረጅ ቀረ። በ1993 ኤርትራ ራስዋን ስትችል የ1908 መስመር የሁለት መንግሥታት ድንበር ሆነ፤ በ1998 በተነሣው ጦርነትም ተዘጋ። ባሕሩ ከዳሎል መቶ ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይርቅ፤ ማዕድኑ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ዞሮ ወደ ጅቡቲ እንዲወርድ ታሰበ። አላና የተባለውን የካናዳ ኩባንያ በ2015 የገዛው የእስራኤል ኬሚካል ኩባንያ በ2016 ሥራውን ሲተው፤ መንግሥት ሊሠራው የሚገባውን መንገድና ሌላውን አልሠራም፤ የማይገባ ግብርም ጠይቆኛል ብሎ አመለከተ። በ2017 በታጁራ ለፖታሽ መጫኛ የታሰበ ወደብ ተመረቀ፤ ያን ጊዜ ከዳሎል የሚመጣ ፖታሽ ገና አልነበረም።

የላይኛው ጨው ግን በዚህ ሁሉ ዘመን መውጣቱን አላቋረጠም። የአፋርና የትግራይ ሰዎች ጎሕ ሳይቀድ ወርደው፤ ጨውን በመጥረቢያ ሰንጥቀው፤ በእንጨት ፈንቅለው ያነሡታል፤ ጠራቢውም በልኩ አድርጎ ይቀርጸዋል። በ2010ዎቹ መኪና ከደጋ ወደ በርሃሌ መውረድ በጀመረ ጊዜ የግመሎቹ ጕዞ ከሜዳው እስከ በርሃሌ ብቻ አጠረ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አቀበት አሞሌው በመኪና ወጣው።