ውሉ ላይ የገበሬው ስም አለ? ከአበላ እስከ ሶዶ፣ የኃይልና የትብብር ታሪክ

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ አማራጭ ኃይል ስናወራ ወሬያችን አብዛኛውን ጊዜ ስለ መሣሪያው ነው። ስንት ሜጋ ዋት? ስንት ተርባይን? ስለ ዓለም አቀፍ ትብብር ስናወራ ደግሞ ስለ ገንዘቡ ነው። ስንት ሚሊዮን ዶላር? ከየትኛው ባንክ? ዛሬ በሌላ ጥያቄ እንጀምር፤ ውሉን የፈረመው ማነው?

ይህን ጥያቄ ለመመርመር ከወላይታ የተሻለ ቦታ ማግኘት ይከብዳል። የዓለም ባንክ፣ የቻይና ባንክ፣ የጣሊያን ኮንትራክተር፣ የኬንያ መንግሥት፣ የውጭ ረድኤት ድርጅት፣ የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ሁሉም በአንድ ዞን ውስጥ አሻራቸውን ትተዋል። ውጤቱ ግን እንደ ውሉ ይለያያል።

መጀመሪያ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። የአገራችን የውኃ ኃይል ታሪክ ከመነሻው ከውጭ ግንኙነት ተለይቶ አያውቅም። ከአባ ሳሙኤል ቀጥሎ ትልቁን ምዕራፍ የከፈተው ቆቃ ነው። በ1960 ሥራ የጀመረው ይህ ግድብ 43 ሜጋ ዋት ያመነጭ ነበር፤ የተሠራውም ጣሊያን ለወረራዋ በከፈለችው የጦር ካሳ ነው። የመርዝ ጋዝ ዕዳ መብራት ሆኖ ተከፈለ ማለት ነው። ነገር ግን የቆቃ መብራት ያመራው ወደ አዲስ አበባና ወደ ፋብሪካዎቹ ነበር። "ኃይል ከገጠር ይመነጫል፣ በከተማ ይበራል" የሚለው ያልተጻፈ ሕግ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አብሮን አለ።

▪️ የመጀመሪያው ውል፦ ዋዱ

በ1970 ወላይታ ላይ አንድ ትልቅ ፕሮጀክት ተጀመረ። በእንግሊዝኛ ምህጻሩ "ዋዱ" ተብሎ የሚጠራው የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት ነው። ስዊድን በአርሲ ጭላሎ ላይ "ካዱ"ን ስትደግፍ፣ ወላይታን የዓለም ባንክ በብድር ያዘ። ማዳበሪያ፣ የተሻሻለ ዘር፣ የገበሬ ብድር፣ መንገድ፣ የአፈር ጥበቃ ሁሉ ነበረበት። ከዚህም በላይ፣ በደጋው መሬት የጠበባቸውን ገበሬዎች ወደ ቆላው፣ ወደ አበላና ወደ በሌ፣ ወስዶ አሰፈረ።

ዋዱን ዛሬም በበጎ የሚያነሱ ሽማግሌዎች ብዙ ናቸው። ትምህርቱ፣ መንገዱ፣ የእርሻ ዘዴው ከንቱ አልቀረም። ሆኖም ውሉ በመንግሥትና በባንኩ መካከል ነበር። ገበሬው ብድር ተቀባይ፣ ዘር ተቀባይ፣ ምክር ተቀባይ ነበር። አብዮቱ መጣ፣ የመሬት አዋጁ ታወጀ፣ ፖሊሲው ተገለባበጠ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ገበሬው "የእኔ ነው" ብሎ የሚከራከርበት ወረቀት በእጁ አልነበረም።

▪️ ሁለተኛው ውል፦ ሁምቦ

አሁን ያችኑ አበላን ይዘን ወደፊት እንሂድ። አበላ የሚገኘው በሁምቦ ወረዳ ነው። ከአበላ በላይ ያለው የሁምቦ ተራራ ባለፈው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ላይ ተራቁቶ ነበር። ዛፉ ለከሰል፣ ለማገዶና ለእርሻ አለቀ። ዝናብ ሲመጣ ጎርፉ ደለል ይዞ ይወርዳል፤ ዝናብ ሲጠፋ ደግሞ ምንጩ ይነጥፋል።

በ2000ዎቹ አጋማሽ ወርልድ ቪዥን ኢትዮጵያ ከአካባቢው ሕዝብ ጋር አንድ ነገር ሞከረ። ዘዴው በጣም ቀላል ነበር። ከመሬት በታች ያለው የዛፍ ሥር አልሞተም። ከብት ካልገባበትና ሰው ካልቆረጠው ከጉቶው ብዙ ቀንበጥ ያወጣል። ከቀንበጦቹ ጠንካሮቹን መርጦ ሌላውን መግረዝ ብቻ ይበቃል። 2,728 ሄክታር መሬት ተከለለ፤ አብዛኛው ደን የበቀለው ከዚያው ከአሮጌው ጉቶ ነው፤ ችግኝ የተተከለው በጥቂቱ ቦታ ብቻ ነበር።

ታሪኩን ልዩ ያደረገው ግን የደኑ ማገገም ብቻ ሳይሆን የወረቀት ሥራው ነው። ሰባት የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቋሙ፤ የመሬቱ የተጠቃሚነት መብት በማኅበራቱ ስም ተመዘገበ። በታኅሣሥ 2009 ፕሮጀክቱ በኪዮቶ ስምምነት የንጹህ ልማት አሠራር ተመዘገበ፤ በአፍሪካ ከዚህ መጠን ካላቸው የደን ፕሮጀክቶች የመጀመሪያው ነበር። በ30 ዓመት ውስጥ 880 ሺህ ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይይዛል ተብሎ ተሰላ። ከዚህ ውስጥ 165 ሺህ ቶኑን በዓለም ባንክ የሚተዳደረው የባዮካርቦን ፈንድ ለመግዛት ተዋዋለ።

ልዩነቱን ልብ በሉ። ያው የዓለም ባንክ፣ ያው ወረዳ ነው። በ1970 ባንኩ አበዳሪ፣ ገበሬው ተረጂ ነበር። በ2009 ባንኩ ገዢ፣ ገበሬው በማኅበሩ በኩል ሻጭ ሆነ። ገዢና ሻጭ በአንድ ጠረጴዛ ሲቀመጡ ቢያንስ ሁለቱም ሒሳቡን ያያሉ። ማኅበራቱ ከካርቦን ካገኙት ገቢ የእህል መጋዘንና ወፍጮ አቋቋሙ። ሳሩ ታጭዶ ለከብት ሆነ፣ ከግርዛቱ ማገዶ ተገኘ፣ ንቡም ተመለሰ።

ሁምቦን ግን ከልክ በላይ ማሞገስም አያስፈልግም። የደን ካርቦን ምስክር ወረቀት በዚያ አሠራር ጊዜያዊ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት የልቀት ገበያም የደን ካርቦንን አይቀበልም ነበር። ስለዚህ ሻጩ ብዙ፣ ገዢው አንድ ሆነ። አንድ ገዢ ብቻ ያለው ነጋዴ ዋጋ አይወስንም። ከዚህ የምንማረው፣ ውል መፈረም የመጀመሪያው እርምጃ እንጂ የመጨረሻው አለመሆኑን ነው።

▪️ ሦስተኛው ውል፦ ግቤ ሦስትና የኬንያ መስመር

ከሁምቦ ወደ ምዕራብ፣ ኦሞ ወንዝ ወላይታንና ዳውሮን በሚለይበት ሸለቆ፣ ግቤ ሦስት ቆሟል። ግንባታው በ2006 ተጀመረ። የግድቡ ከፍታ 243 ሜትር ነው፤ አሥር ተርባይኖቹ በድምሩ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ታኅሣሥ 17 ቀን 2016 መርቀው የከፈቱት ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ናቸው። እሳቸው ራሳቸው የቦሎሶ ሶሬ ተወላጅ ናቸው፤ አረካ የምትገኝበት አካባቢ ልጅ ማለት ነው።

የግቤ ሦስት ውል ከመነሻው አወዛጋቢ ነበር። ግንባታው ያለ ጨረታ ለጣሊያኑ ሳሊኒ ተሰጠ። የአውሮፓ ኢንቨስትመንት ባንክና የአፍሪካ ልማት ባንክ በ2010 ከግድቡ ፋይናንስ ራቁ፤ የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራው በቻይና ባንክ ብድር ተሠራ። በታችኛው ኦሞ የወንዙን ሙላት ተከትለው የሚያርሱ ሕዝቦች ጥያቄ፣ የቱርካና ሐይቅ ዓሣ አጥማጆች ጥያቄ ገና አልተዘጋም። ዩኔስኮ በ2018 የቱርካና ሐይቅ ብሔራዊ ፓርኮችን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ አስገብቷል። ታዳሽ ኃይል ስለሆነ ብቻ ማንም አይጎዳም ማለት አይቻልም።

ከዚያ የሚገርመው ነገር መጣ። ከግድቡ የራቀው የአፍሪካ ልማት ባንክ፣ ግድቡን ያልደገፈው የዓለም ባንክና የፈረንሳይ ልማት ድርጅት፣ ኃይሉን ወደ ኬንያ የሚወስደውን መስመር በገንዘብ ደገፉ። መስመሩ ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ናይሮቢ አጠገብ እስካለችው ሱስዋ ይዘልቃል። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት፣ 500 ኪሎ ቮልት ቀጥተኛ ጅረት፣ እስከ 2,000 ሜጋ ዋት የማስተላለፍ አቅም አለው። የሁለቱ አገሮች የሽያጭ ውል ለ25 ዓመት ነው፤ በኅዳር 2022 ኬንያ 200 ሜጋ ዋት መቀበል ጀመረች። ዋጋው በኪሎ ዋት ሰዓት 6.5 የአሜሪካ ሳንቲም ነው።

ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሁለት ጎረቤት አገሮች ለ25 ዓመት በአንድ ሽቦ ሲተሳሰሩ፣ አንዱ የሌላውን ሰላም ይፈልጋል። ሻጭ ደንበኛው እንዲከስርበት አይሻም፤ ገዢም አቅራቢው እንዲናጥበት አይመኝም። በአፍሪካ ቀንድ ከብዙ የወዳጅነት መግለጫ ይልቅ ይህ ሽቦ የበለጠ ሊሠራ ይችላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እዚህ ላይ ሲሆን ያምራል።

ነገር ግን ጥያቄያችንን አንርሳ። ውሉ ላይ የማን ስም አለ? ሁለት መንግሥታት፣ ሁለት የኃይል ድርጅቶች፣ ሦስት አበዳሪዎች አሉ። ማሰራጫው የተተከለበት ሕዝብ በውሉ ውስጥ በተዋዋይነት የለም።

▪️ የአረካ ጓዳ

ከሶዶ ወደ ሰሜን ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ አረካ ትገኛለች። ገበያዋ የታወቀ፣ የእንሰት ምርምር የሚካሄድበት የግብርና ምርምር ማዕከል ያላት ከተማ ናት። ከተማዋ መብራት አላት። የዙሪያዋ ገጠር በአገሪቱ ሰው በብዛት ሰፍሮባቸው ከሚገኙ አካባቢዎች አንዱ ነው። መሬቱ በጠበበ ቁጥር ለማገዶ የሚሆን ዛፍ ያንሳል። ምድጃው ሥር የሚገባው ባሕር ዛፍ፣ የበቆሎ አገዳ፣ የደረቀ የእንሰት ቅጠል፣ እሱም ሲጠፋ ኩበት ነው።

ኩበቱ ላይ ትንሽ እንቆይ። እንሰት ፍግ ይወዳል። የወላይታ ገበሬ እንሰቱን ከቤቱ ጀርባ የሚተክለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የበረቱ ፍግ በየቀኑ እንዲደርሰው ነው። እናት ኩበቱን ለእሳት ስታውለው የዛሬን ራት ታበስላለች፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ የሚበላውን እንሰት ግን እያስራበች ነው። በጢሱ የሚያነባው ዓይንና የሚያስለው ሕፃን ሲጨመር፣ ማገዶ የኃይል ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የምግብና የጤና ጉዳይ መሆኑ ግልጽ ይሆናል።

የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚለውን ተረት ወደ ኦሞ ብንወስደው ያው ነው። በሶዶ በኩል ያለፈው ጅረት ሱስዋ ላይ አምፖል ያበራል፤ በቦሎሶ ገጠር ግን ምድጃው ዛሬም ሦስት ድንጋይ ነው። ጥፋቱ የኬንያውያን አይደለም፤ እነሱ ከፍለው ነው የወሰዱት። መስመሩ መሸጡም ስሕተት አይደለም። የጎደለው፣ ከሽያጩ ለአመንጪው አካባቢ ምን እንደሚመለስ የሚናገር አንቀጽ ነው።

▪️ ታዲያ ምን ይሁን?

መንግሥት በ2017 ባወጣው የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም በ2025 ለሁሉም ሰው ኃይል ለማዳረስ፣ ከዚህም ሲሶውን ያህል ከዋናው መስመር ውጭ በፀሐይና በመሳሰለው ለማዳረስ አቅዶ ነበር። ቀኑ አልፏል፤ ሥራው ግን ገና ነው። አምፖል ቢደርስ እንኳ የወጥ ቤቱ ጥያቄ ይቀራል፤ አብዛኛው የኢትዮጵያ ቤተሰብ ዛሬም የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰልና በኩበት ነው።

መፍትሔዎቹ አዲስ አይደሉም። ምርጥ ምጣድ የማገዶ ፍጆታን በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ነገር ግን የተሠራው ለእንጀራ ነው። በወላይታ ገጠር እሳቱን የሚበላው በብዛት ጎደሬው፣ ስኳር ድንቹና በቆሎው የሚቀቀልበት ድስት ነው። ስለዚህ ምድጃውም እንደ አገሩ ምግብ መሠራት አለበት። ባዮጋዝም አለ። ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ሲጀመር ከታቀፉት አራት ክልሎች አንዱ የያኔው ደቡብ ነበር። ባዮጋዝ የኩበቱን ጠብ ያስታርቃል፤ ጋዙ ለምድጃ፣ ዝቃጩ ለእንሰት ይሆናል። እንቅፋቱ የከብት ቁጥርና የመነሻ ገንዘብ ነው። አንድ ላም ያላት ባለቤት ብቻዋን አትችለውም።

ብቻዋን ካልቻለች ደግሞ በጋራ። ወላይታ በጋራ መቆጠብን ከማንም አይማርም። ለጊፋታ በዓል ወንዶቹ ለበሬ፣ ሴቶቹ ለቅቤ ዓመቱን ሙሉ ሳንቲም እያጠራቀሙ በዓሉን ይቀበላሉ። ከባንክ በፊት የነበረ፣ ያለ ኦዲተር የሚሠራ ተቋም ነው። ለበሬ የሚቆጥብ ማኅበር ለባዮጋዝ ጉድጓድ፣ ለፀሐይ ፓምፕ፣ ለጋራ ወፍጮ መቆጠብ አያቅተውም። የሚያንሰው ሕጋዊ ሰውነትና ከፊቱ የሚቀመጥ ተዋዋይ ነው። የኅብረት ሥራ ሕጉ አለ፤ የሁምቦ ምሳሌም በዚያው ዞን አለ።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከውጭ ከሚሸጠው ኃይል ገቢ ጥቂት መቶኛ፣ ኃይሉ ለሚመነጭባቸውና መስመሩ ለሚያልፍባቸው ወረዳዎች የምድጃና የገጠር መብራት ሥራ በሕግ ይመደብ። ሁለተኛ፣ ከእንግዲህ በታዳሽ ኃይል ስም የሚመጣ ማንኛውም ፕሮጀክት የገበሬውን ማኅበር "ተጠቃሚ" በሚለው አምድ ሳይሆን "ተዋዋይ" በሚለው አምድ ይጻፈው። ወላይታ ሶዶ ከ2023 ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ናት፤ ይህን ለመጠየቅ ከእንግዲህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

የተሻለች ዓለም በንፁህ ኃይልና በንግድ ትብብር ትመጣለች ሲባል እኔም አምናለሁ። ነገር ግን ትብብር ማለት ሁለት ወገን ማለት ነው። ዋዱ ላይ ገበሬው አልፈረመም፤ ፕሮጀክቱ ሲሄድ አብሮ ሄደበት። ሁምቦ ላይ ፈረመ፤ ገበያው ቢጠብበትም ደኑ በስሙ አለ። በኬንያው መስመር ላይ አልፈረመም፤ ሽቦው በላዩ ያልፋል።

ቀጣዩ ውል ሲመጣ ከሜጋ ዋቱ በፊት የፊርማውን ገጽ እናንብ።