የጎንደርን ግንብ የገነባው ማን ነው?

ጥምቀት ሲቃረብ የጎንደር ስም ከፋሲል መዋኛ ጋር አብሮ ይነሣል፤ የሚተረከውም ታሪክ ሁሌ ያው ነው። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀብለው አገር ታመሰ፤ ልጃቸው ፋሲለደስ በ1632 ዙፋኑን ወርሰው የአባቶችን ሃይማኖት መለሱ፤ ኢየሱሳውያኑን ሚሲዮናውያን አባረሩ፤ በ1636 ጎንደርን ቆርቁረው ባለአራት ጉልላቱን ግንብ አሠሩ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ግንቡ 32 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ ግቢው በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። እስከዚህ ድረስ የሚያጨቃጭቅ ነገር የለም። ጭቅጭቁ የሚመጣው ድንጋዩን ጠርቦ፣ ቱንቢውን ጥሎ፣ ግድግዳውን ያነሣው ሰው ማን ነበር የሚል ሲገኝ ነው። የነገሥታቱ ዜና መዋዕል ጸሐፊዎች ስለ ዘመቻና ስለ ሹም ሽር ገጽ በገጽ ሲጽፉ ስለ ግንበኛ የሚተርፋቸው ቀለም ጥቂት ነበር፤ ክፍተቱንም አንዱ «ፖርቱጋሎች» እያለ፣ ሌላው «ሕንዶች» እያለ፣ ሦስተኛው «እኛው ራሳችን» እያለ ሲሞላው ኖሯል።

ብዙ ጎብኚ ይዞት የሚመለሰው መልስ የፖርቱጋሎቹ ነው፤ መነሻም አያጣም። በ1603 ወደ ኢትዮጵያ የገባው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ (ትውልዱ እስፓኛዊ ነው) በጎርጎራ ለሱስንዮስ ባለፎቅ የድንጋይ ቤት ሠርቶላቸዋል። ሌላው ኢየሱሳዊ ማኑኤል ደ አልሜይዳ እንደጻፈው፣ ፓኤዝ መዶሻውንና መሮውን ሳይቀር ራሱ እያሠራ፣ የአገሩን ሰዎች እያስተማረ ነበር የገነባው፤ ፎቅ አይቶ የማያውቀውም ሕዝብ «ቤት ላይ ቤት» እያለ ሊያይ ይጎርፍ ነበር። ነገር ግን ፓኤዝ ጎንደር ከመቆርቆሯ 14 ዓመት አስቀድሞ በ1622 ሞቷል። ከዚያ የሚከብደው ደግሞ፣ የጎርጎራው ቤት የተጀመረው ኖራ በአገሩ ከመታወቁ በፊት መሆኑ ነው። ይህን ልዩነት የታሪክ ጸሐፊ እንደ ዋዛ ሊያልፈው ይችላል፤ ግንበኛ ግን አያልፈውም። በጭቃ የተያያዘ ግድግዳና በኖራ የተያያዘ ግድግዳ ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። ጭቃ ዝናብ ሲያገኘው ይታጠባል፤ ጉልላትና ሰፊ ቅስት ተሸክሞ ዘመን አይሻገርም። ኖራ ግን ተቃጥሎ፣ በውኃ ተበርዶ፣ ከአሸዋ ጋር ተለውሶ ድንጋዩ መሐል ከገባ በኋላ ከአየሩ ጋር እየተዋሐደ ቀስ በቀስ መልሶ ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ የጎንደርን ግንበኛ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የኖራውን መንገድ መከተል አለበት።

የኖራውን መንገድ የሚነግረን ደግሞ ያው አልሜይዳ ነው። በ1621 ከሕንድ የመጣ አንድ ብልህ ሰው ቀለል ያለ፣ ትል የበላው የሚመስል ስስ ድንጋይ አገኘ፤ በአገሩ በጉጃራት ከእንዲህ ያለው ድንጋይ ኖራ እንደሚያወጡም ተናገረ። ይህ ጥቂት መስመር ብቻ ነው፤ ለእኔ ግን ስለ ጎንደር ከተጻፉት ሁሉ የሚበልጥ መስመር ነው። የጎንደር ዙሪያ መሬት የጥቁር ድንጋይ አገር ነው፤ ለግድግዳ የሚሆን ድንጋይ ሞልቷል፣ ለኖራ የሚሆነው ግን ዓይን ይፈልጋል። በአንድ ወንዝ ዳር የተበሳሳ ድንጋይ አይቶ «ይህ ቢቃጠል ኖራ ይወጣዋል» የሚል ሰው እቶን ፊት ቆሞ ያደገ መሆን አለበት። ልብ በሉ፣ ምስክሩ ኢየሱሳዊ ነው። የማኅበሩን ሥራ ለማሞገስ ብዕር ያነሣ ሰው ትልቁን ግኝት ለማኅበሩ ሰው ሳይሆን ለሕንዳዊ ሲሰጥ ነገሩን ፈጥሮ ነው ብሎ መጠርጠር ይከብዳል።

ከዚያ በኋላ ያሉት ምስክሮችም ወደዚያው ያጋድላሉ። የሱስንዮስ ዜና መዋዕል የደንቀዝን ቤተ መንግሥት ከሠሩት መካከል አብደል ከሪም የሚባል ሕንዳዊና ሰደቃ ነስራኒ የሚባል ግብፃዊ በስም ይጠቅሳል። በ1648 የየመኑ ኢማም መልእክተኛ ሐሰን አል ሐይሚ ጎንደር ደርሶ ከፋሲለደስ ጋር ሲገናኝ፣ የድንጋይና የኖራውን ቤተ መንግሥት አድንቆ ሠሪው ሕንዳዊ መሆኑን ጽፏል። ግንቡ ገና አዲስ ነበር፤ ያሠሩት ንጉሥ በሕይወት ነበሩ፤ አል ሐይሚም ለፖርቱጋልም ሆነ ለሕንድ የሚከራከርበት ጉዳይ አልነበረውም። ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ ግንቡን ከሕንድ የመጡ ግንበኞችና ከኢየሱሳውያኑ ሙያውን ቀስመው ሃይማኖታቸውን ያልተቀበሉ ኢትዮጵያውያን እንደሠሩት ይናገራል። ፖለቲካውም ይህንኑ ያግዛል። ፋሲለደስ የባሕሩን በር በፖርቱጋሎች ላይ ለመዝጋት ከምጽዋና ከሱአኪን ፓሻዎች ጋር የተስማሙ፣ ከየመን ጋር ወዳጅነት የፈለጉ ንጉሥ ናቸው። ያባረሯቸውን ሰዎች መልሰው የቤተ መንግሥታቸው መሐንዲስ ያደርጋሉ ማለት ከዚህ አካሄዳቸው ጋር አይሄድም። ቀደም ብሎ ከመጣው ከፖርቱጋላዊው ክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ ጦር የተወለዱ «ፈረንጆች» በአገሩ ስለነበሩ እነሱ ሠርተውት ይሆናል የሚል አይጠፋም፤ እነዚህ ግን በአራተኛው ትውልድ ላይ የነበሩ የወታደር ልጆች ናቸው፤ ጠመንጃ እንጂ ቱንቢ አልወረሱም።

ሁለት ጠንካራ ተቃውሞዎች አሉ። የመጀመሪያው በእንፍራንዝ አጠገብ ያለው የጉዛራ ግንብ ነው። በአፈ ታሪክ የሚነገረው የዐፄ ሠርፀ ድንግል እንደሆነ ነው፤ እኚህ ንጉሥ የሞቱት በ1597 ነው። ይህ እውነት ከሆነ በኖራ የተሠራ ግንብ ከ1621 በፊት ነበረ ማለት ነውና የአልሜይዳ ወሬ ይፈርሳል። ነገር ግን የጉዛራ ዕድሜ ራሱ አከራካሪ ነው፤ ሕንጻው በቅርጹም በአሠራሩም ለጎንደሮቹ የቀረበ ስለሆነ ወደ ፋሲለደስ ዘመን የሚያወርዱት ተመራማሪዎች አሉ፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። አንድን የተጻፈ ምስክርነት ባልተጻፈ ዕድሜ መጣል ትክክል አይመስለኝም። ሁለተኛው ተቃውሞ አክሱምንና ላሊበላን ያሠሩ ሰዎች አገር ከሕንድ ግንበኛ መዋስ አያስፈልጋትም የሚል ነው። ስሜቱ ይገባኛል። ዳሩ ግን ላሊበላ የተፈለፈለ እንጂ የተገነባ አይደለም፤ የአክሱም ግድግዳም ድንጋይና እንጨት እያፈራረቀ በጭቃ የቆመ ነው። ሁለቱም ታላቅ ጥበብ ናቸው፤ ሁለቱም ግን የኖራ ጥበብ አይደሉም።

ይሁንና አንድ ሕንዳዊ ኖራ አሳየ ማለት ሕንዶች ጎንደርን ገነቡ ማለት አይደለም። የፋሲልን ግንብ ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ግድግዳው እምብዛም ባልተጠረበ ጥቁር ድንጋይ በኖራ ተሞልቶ እንደወጣ፣ የበሩና የመስኮቱ ቅስት ግን በቀይ ድንጋይ እንደተከበበ ይመለከታል። ጌጥ ይመስላል፤ ምክንያቱ ግን የመሮ ጉዳይ ነው። ጥቁሩ ድንጋይ እልኸኛ ነው፣ ቀዩ ደግሞ ለመጥረብ ይታዘዛል፤ ቅስት የሚሠራ ሰው ማዕዘኑ የተስተካከለ ድንጋይ ስለሚያስፈልገው ቀዩን ወስዶ እዚያ ላይ ያውለዋል። እንዲህ ያለው ዕውቀት የሚገኘው የአካባቢውን የድንጋይ ካባ ከሚያውቅ ሰው ነው። ሥራውም ከፋሲለደስ ጋር አላበቃም፤ ዮሐንስ፣ ኢያሱ፣ ዳዊት፣ በካፋ እያሉ እስከ እቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ድረስ ከመቶ ዓመት በላይ ቀጥሏል። አብደል ከሪም መቶ ዓመት አልኖረም። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ የሚያወርሰው ማኅበረሰብ ያስፈልገው ነበር፤ ያም ማኅበረሰብ በእኔ ፍርድ ቤተ እስራኤል ነው።

ማስረጃው ምንድን ነው? ቤተ እስራኤሎች በቃል ታሪካቸው የጎንደር ግንበኞችና አናጢዎች እንደነበሩ፣ አለቆቻቸውም እንደ አዛዥና በጅሮንድ ያለ ማዕረግና መሬት እንዳገኙ ይናገራሉ። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ኲሪን ይህን የቃል ታሪክ ከጽሑፍ ጋር እያመሳከረ በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ ሰፊ ቦታ ሰጥቶታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጡ ተጓዦችም የጎንደር ግንበኝነት በእነሱ እጅ ሆኖ አግኝተውታል። የቃል ታሪክ ራስን ከፍ ለማድረግ ይፈጠራል የሚል ካለ፣ በ1668 በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተደረገው ጉባኤ እስላሞችና ቤተ እስራኤሎች ከክርስቲያኑ ተለይተው በየሰፈራቸው እንዲኖሩ መወሰኑን ያስታውስ። ለብቻ የሚሰፍር ሰው መጀመሪያ ከተማው ውስጥ በብዛት መኖር አለበት፤ ርስት የሌለው ሕዝብ ደግሞ ወደ ነገሥታት ከተማ የሚገባው በእጁ ሙያ ነው። ሰፈራቸው ካይላ ሜዳ ይባል ነበር። የእጅ ባለሙያን ቡዳ ነው እያለ በሚሸሽ አገር ውስጥ ዜና መዋዕል ጸሐፊው የግንበኛውን ስም ቢዘለው አያስደንቅም፤ አብደል ከሪም የተጠቀሰው እንግዳ ስለነበረ ነው። የዘመነ መሳፍንት ትርምስ መጥቶ የሚያሠራ ንጉሥ ሲጠፋ ሥራው ቀዘቀዘ፤ ግንበኛው ወደ ሸክላና ወደ ብረት፣ ወደ ገጠርም ዞረ።

ዛሬ የእነዚያ ግንበኞች ዘሮች አብዛኞቹ በ1980ዎቹና በ1991 በተካሄዱት ጉዞዎች እስራኤል ገብተዋል። ግንቡ ላይ ግን የኖራው ክርክር አላበቃም። በ1930ዎቹ ጣሊያኖች በሲሚንቶና በብረት ኮንክሪት የጠገኑት በኋላ በዩኔስኮ ድጋፍ በኖራ እንዲተካ ሆኗል፤ በቅርቡ የተካሄደው እድሳት ፎቶግራፍ ሲወጣም ስለ ቀለሙ ብዙ ተባብለናል። ያኔ ሁሉም የኖራ ዐዋቂ ሆኖ ነበር። የግቢው አስጎብኚዎች «ፋሲለደስ አሠሩት» ካሉ በኋላ የጉጃራቱን ሰውና ካይላ ሜዳን ቢጨምሩበት የሚወስድባቸው ሁለት ደቂቃ ነው።