ዓባይን የለኩት ሰዎች

እስኪ ጠጋ በሉና የአንድ ወንዝ ነገር ላውጋችሁ። ስለ ሕዳሴ ግድብ ብዙ ሰምታችኋል፤ የእኔ ወግ ግን ግድቡ ከመጀመሩ አስቀድሞ ውሃውን ስለለኩት ሰዎች ነው።

ቦታው ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ነው። ዓባይ ገደሉን ጨርሶ ቆላ ሲወርድ ከአሶሳ በኩል ዳቡስ፣ ከመተከል በኩል በለስ ይገቡለታል፤ ከዚያ ጉባን አልፎ ሱዳን ይዘልቃል። ከግድቡ በፊት በሚያዝያ ድንጋዩ አግጥጦ፣ የሚያልፈው ውሃ በአማካይ በሰከንድ 200 ሜትር ኩብ አይሞላም ነበር። በነሐሴ ያው ወንዝ አፈር ለብሶ፣ ግንድ እያንከባለለ ይመጣ ነበር፤ በሰከንድ ከ5,000 ሜትር ኩብ በላይ! ይህን ማን ደፍሮ ይለካዋል?

በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ፣ ኢትዮጵያውያንና አሜሪካውያን ባለሙያዎች ተፋሰሱን ማጥናት ያዙ። አለካኩን ልንገራችሁ። ወንዙ ዳር ቁጥር የተጻፈበት ዘንግ ይተከላል። ዘንግ አንባቢው ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ወርዶ ውሃው የደረሰበትን ቁጥር መዝገብ ላይ ያሰፍራል። ቁመት ብቻውን ግን መጠን አይናገርም። ስለዚህ ወንዙ በስፋቱ ይከፋፈላል፤ በየክፍሉ ጥልቀቱ ይለካል፤ ውሃው የሚያሽከረክረው መለኪያ ወደ ውስጥ ይገባል። የዙሩ ብዛት ፍጥነቱን ይገልጣል። ፍጥነት በስፋትና በጥልቀት ተባዝቶ፣ የሁሉም ክፍል ሲደመር ፍሰቱ ይታወቃል። ይህ በጎደለም በሞላም ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ የዘንጉን ቁጥር ያየ ባለሙያ ስንት ውሃ እንዳለፈ ያሰላል። መከራው ክረምት ነው፤ ልኩ በጣም በሚፈለግበት ሰሞን ሙላቱ ዘንጉን ነቅሎ ይሄዳል፣ የወንዙንም ወለል ይለውጣል።

ተፈጥሮ በሚቆጣበት ሰሞን የመለካት ፈተናው የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ተመራማሪዎች በአንታርክቲካ የባሕር በረዶ ላይ 5 የሞገድ መለኪያዎችን ትተው ሄዱ፤ በረዶው በማዕበል ሲሰባበርም መለኪያዎቹ መረጃ ይልኩ ነበር። ከ3 ሜትር የሚበልጥ ሞገድ ይታሰብ ከነበረው እጅግ ርቆ በረዶው ውስጥ እንደሚዘልቅ የታወቀው በዚህ ነው። ግምትን የሚያርመው ልክ ነው።

የዓባይም ልክ የራሱን ነገር ገለጠ፦ በዓመት ወደ 49 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይመጣል፤ አብዛኛው ግን በጥቂት የክረምት ወራት ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው ጥናት ካራዶቢ፣ ማቢል፣ መንዳያና ድንበር የተባሉ 4 የግድብ ቦታዎችን አመለከተ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ጉባ ላይ የሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ተጣለ፤ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ግድቡ ተመረቀ። ሐይቁ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል፤ የዓመቱ ፍሰት አንድ ተኩል እጥፍ መሆኑ ነው።

እናም ወገኖቼ፣ ግድቡን ስታመሰግኑ ዘንግ አንባቢውን አትርሱት። በዳቡስና በበለስ ዳር የሚቆመው ሰው ክፍያው በወቅቱ ይድረሰው፤ ዘንጉ ሲወድቅ ቶሎ ይተከልለት። ተርባይን የሚያንቀሳቅሱት ባለሙያዎች የሚመጣውን ውሃ ቀድመው የሚያውቁት ከላይ በተለካው ነው። ሳይለካ ያለፈን ክረምት ደግሞ የቱም መሐንዲስ መልሶ ሊለካው አይችልም።